ከወረቀቱ ላይ የጠፋው ኩሽኔታ

ባለፈው ቅዳሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁሌ የምንገናኝበት ቡና ቤት አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ከመካከላችን አንዱ ከሁለት ወር በፊት የ2003 ሞዴል ፖርሸ ቦክስተር ኤስ ገዝቷል። በ13 ሺህ ዶላር። አዲስ ሳለ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ መኪና ነው። ባለ 3.2 ሊትር ሞተር፣ ጣራው የሚከፈት፣ ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ። ልጁ አዲስ አበባ ሳለ ፎቶውን ደብተሩ ላይ ለጥፎ ያደገ ነው። ሲገዛው እኛም አብረነው ተደስተናል።

ማኪያቶው ሳይመጣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ዲለሩ የሰጠኝን ጉድ እዩልኝ» አለ።

ተራ በተራ አየነው። ፖርሸ የሚሸጠውና የሚጠግነው ድርጅት፣ ዲለሩ፣ ለሰርቪስ የጠየቀው ዋጋ ነው። ዘይት መቀየር 410 ዶላር። የፍሬን ዘይት 280። ስድስት ካንዴላ 650። ቺንጊያ 390። የፊትና የኋላ የፍሬን ሸራ ከነዲስኩ 2,570። ድምሩ 4,300። መኪናው የተገዛበት ዋጋ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው።

«ይሄ ዝርፊያ ነው» አለ ባለመኪናው።

«ዝርፊያ አይደለም» አለች ወዲያው አጠገቤ የተቀመጠችው። እሷ ሌላ ዓይነት መኪና የሚሸጥ ዲለር ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርታለች። ደንበኛ ተቀብላ፣ ዋጋ አስልታ፣ ስልክ ደውላ «መኪናዎ እንዲህ ሆኗል» የምትል እሷ ነበረች። «አንተ የምትከፍለው ለዘይቱ ብቻ መሰለህ? እዚህ አካባቢ ዲለር ውስጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ከ200 ዶላር በላይ ነው። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ አለ፣ የመኪናውን ዓይነት ለይቶ የተማረው መካኒክ አለ፣ ሕንፃው አለ። ሥራው ቢበላሽ የምትጠይቀው አካል አለህ። መንገድ ዳር የሠራልህን ሰው የት ታገኘዋለህ?»

«እሺ፣ ግን አንድ ነገር ንገሪን» አለ በኮምፒውተር ሥራ የሚተዳደረው ወጣት። እሱ አንድ ማዝዳ ሚያታ አለው፤ ከጎማ በቀር ሌላ ሰው አስነክቶት አያውቅም። «መካኒኩ ሥራውን በአርባ ደቂቃ ቢጨርስ የምታስከፍሉት የአርባ ደቂቃ ነው?»

ትንሽ ዝም አለች። «አይደለም። ለእያንዳንዱ ሥራ መጽሐፉ ላይ የተጻፈ ሰዓት አለ። የሚከፈለው በእሱ ነው። ቢፈጥንም ቢዘገይም።»

«መካኒኩም የሚከፈለው በዚያው ሰዓት ነው አይደል?»

«ብዙ ቦታ አዎ።»

«ታዲያ ይቸኩላል።»

«ጎበዙ አይቸኩልም» አለች። ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። ሐቀኛ ሰው ናት፤ የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች።

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። የዚህ ሞተር ዘይት ወደ 9 ሊትር ይጠጋል፤ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ይበቃዋል። ፊልትሮው አለ፣ የመክፈቻው ቡሎን ሮንዴላ አለ። ሁሉም ተደምሮ 80 ዶላር። ካንዴላ ስድስቱ 90። ቺንጊያ 45። የፍሬን ዘይት 20። ዲስክና ሸራ ለአራቱም ጎማ 600። «835 ዶላር! ዕቃው ደግሞ ያው ነው። ፊልትሮውን የሚሠራው ማህለ የሚባል ፋብሪካ ነው። አንዱ ካርቶን ላይ የፖርሸ ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም።»

ደግሞም በወሬ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ባለመኪናው ወረቀቱን ባየ ማግስት ሁለቱ በወጣቱ ጋራዥ ውስጥ ዘይቱን ራሳቸው ቀይረውታል። 410 የተባለውን በ80 ጨረሱት። ባለመኪናው ያንን ሲያወራ ፊቱ ያበራ ነበር። «የራሴን መኪና በእጄ ነካሁት» ነው ያለው። እኔ ይህ ደስታ ገንዘብ የማይገዛው መሆኑን አምናለሁ።

እስካሁን ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ልጅነታቸውን ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ አሳልፈው፣ እዚህ አገር ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ መካኒክ ሆነው ሠርተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

«በምን አነሣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«በክሪክ።»

«ከክሪኩ በኋላስ?»

«ብረት ድጋፍ አስገብተናል ጋሼ፣ አራቱም ላይ» አለ ወጣቱ።

«ጎሽ!» አሉና ግራ አውራ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥፍሩ ግማሽ ብቻ በቅሏል። «ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በ16 ዓመቴ ነው። በጣት ስለተማርኩ ዕድለኛ ነኝ።»

ከዚያ ጨዋታው ወደ ዋስትና ሄደ። ያችኛዋ «የእሱ መኪና አሮጌ ስለሆነ ነው እንጂ አዲስ ቢሆን ውጭ ማሠራት ዋስትናውን ያስቀርበታል» ብላ ጀመረች። ወጣቱ አቋረጣት። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን ሞስ የሚባል ሕግ አለ። አምራቹ ሰርቪሱን በነፃ ካልሰጠ በቀር «እኔ ጋ ካላሠራህ ዋስትናህ ይቀራል» ማለት አይችልም። ደረሰኝ መያዝ፣ ትክክለኛውን ዘይት መጠቀም፣ በጊዜው መሥራት ብቻ ነው። እሷም «ልክ ነህ፣ እኛም ቃል በቃል እንዲህ አንልም ነበር፤ ደንበኛው ግን እንዲያ ብሎ ቢያስብ አናርመውም ነበር» አለች። ይህን እዚህ የምጽፈው ብዙ የአገሬ ሰው አሁንም ተሳስቶ ስለማየው ነው። ጎረቤቴ ለአንዲት ተራ ቶዮታ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ፈርቶ እጥፍ ሲከፍል ኖሯል።

«የግል ጋራዥስ አልጠየቅህም?» አልኩት ባለመኪናውን።

«ጠይቄ ነበር። ፖርሸ ብቻ የሚሠራ ሰው ጋ ደወልኩ። ይህንኑ ዝርዝር በ2,450 እሠራዋለሁ አለኝ። ግን እሱም ሌባ ነው።»

«እንዴት?»

«ገና ስልክ ላይ ሳለን ‹ፍሪሲዮኑ ተቀይሯል? ኩሽኔታውስ?› ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ስለው ሌላ 3,100 ዶላር የሚሆን ሥራ ጨመረብኝ። መኪናውን እንኳን ሳያየው! ስልኩን ዘጋሁበት።»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የትኛው ኩሽኔታ?»

«አላውቅም፣ አይ ኤም ኤስ ምናምን ነው ያለኝ።»

«ወረቀቱን አምጣ» አሉ። ገለበጡትና የዲለሩ ዝርዝር ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መሳል ጀመሩ። አንድ ረጅም ዘንግ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ጫፉ ላይ አንዲት ክብ። በዚህ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች በሰንሰለት የሚያዞር አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ አይ ኤም ኤስ የሚሉት እሱን ነው። በካምቢዮው በኩል ያለው ጫፉ በአንዲት ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉን ይዛ በምታዞር ቀለበት ላይ ነው የሚዞረው። ኩሽኔታዋ ግራሶ ተሞልታ የታሸገች ናት። ከዓመታት በኋላ ማሸጊያው ይደክማል። የሞተር ዘይት ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል። ግን ዘይቱ እንደ ልብ ገብቶ እንደ ልብ አይወጣም። ኩሽኔታዋ መላላት ትጀምራለች። አንድ ቀን ከተሰበረች ሰንሰለቱ ይስታል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አለቀለት።

«ይህ ከ1997 እስከ 2008 የተሠሩ ቦክስተሮችን ይመለከታል፤ በእነዚያ ዓመታት የወጡ ብዙዎቹን ፖርሸ 911ም እንዲሁ» አሉ ጋሼ። «ከ2009 ጀምሮ በመጣው ሞተር ውስጥ ያ ዘንግ ራሱ የለም። የአንተ የ2003ቷ ደግሞ ደካማዋ ዓይነት ናት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር።»

«ግን ጋሼ፣ ሁሉም ላይ አይደርስም» አለ ወጣቱ። «አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ነው የሚነዱት።»

«አይደርስም። ቢደርስ ግን ሞተሩ ከመኪናው ይበልጣል። በስንት ገዛሃት? በ13? ሞተር አስገባልኝ ብትል ከዚያ በላይ ሊጠይቁህ ይችላሉ። እዚያች ኩሽኔታ ጋ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ ፍሪሲዮኑ መፈታት አለበት። ስለዚህ ፍሪሲዮን ሲቀየር አብራ ትቀየራለች። ሰውዬው ፍሪሲዮኑን የጠየቀህ ለዚህ ነው። ሁለት ጊዜ እንዳትከፍል ነው የጠየቀህ።»

ባለመኪናው ዝም አለ። ዝርዝሩን እንደገና ገልብጦ አየው። አምስት ሥራ፣ 4,300 ዶላር፣ ኩሽኔታዋ የለችም። ወጣቱም የስልኩን ስሌት አየ። 835 ዶላር፣ ኩሽኔታዋ የለችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዋጋ ስንከራከር ሞተሩን ሊገድል የሚችለው ነገር ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

«የድሮውን ፊልትሮ ምን አደረጋችሁት?» አሉ ጋሼ።

ፊልትሮው ወጣቱ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ነበር። ካውንቲው ያገለገለ ዘይት ስለሚቀበል ከዘይቱ ጋር ሊወስደው በፌስታል አስሮ አስቀምጦታል። ተነሥተን ሄድን።

ጋሼ ጋራዡ ወለል ላይ ነጭ ካርቶን አነጠፉ። የዚህ መኪና ፊልትሮ ውስጡ እጥፍጥፍ ወረቀት ነው። በቢላ ከላይና ከታች ቆረጡት፣ ወረቀቱን እንደ አኮርዲዮን ዘርግተው ጨመቁት። ጥቁሩ ዘይት ካርቶኑ ላይ ቀስ ብሎ ተሰራጨ። አራታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አንዱ እጥፋት ውስጥ ሦስት ቡናማ ቁራጮች ነበሩ፤ የጤፍ ፍሬ ሦስት አራት እጥፍ የሚያህሉ። ጋሼ አንዷን በጥፍራቸው ጫን አሏት፤ ተሰበረች። «ፕላስቲክ ነው። የሰንሰለቱ መንሸራተቻ ነው። በዚህ ዕድሜው ይጠበቃል።» ከዚያ ማግኔት በቀጭን ላስቲክ ጠቅልለው እያንዳንዱን እጥፋት አለፉበት። እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ነገር ፈለጉ። ወደ መብራቱ አዙረው አዩት። ማግኔቱ ላይ ምንም አልተጣበቀም።

ባለመኪናው ትንፋሹን ለቀቀ።

«ዛሬ ደህና ናት ማለት ነው» አሉ ጋሼ። «ዛሬ ብቻ። ይህን በየዘይቱ ታየዋለህ።»

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙም አልተናገርኩም። ግን አቋም አለኝ። ለዚህ መኪና ትክክለኛው ቦታ ስልኩ የተዘጋበት ሰውዬ ነው። ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ከወጣቱ ስሌት ሦስት እጥፍ ነው። መኪናውን ሳያየው የት እንደሚያመው ያወቀ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ዲለሩ ሌባ ነው አልልም። ማይሉንና ዕድሜውን አይቶ ከዝርዝሩ ላይ የደረሰውን ጻፈ። አዲስ ፖርሸ በአራት ዓመትና በ50 ሺህ ማይል ዋስትናው ውስጥ ቢሆን እኔ ራሴ ወደ ዲለሩ ሂድ እለዋለሁ። የ2003 ቦክስተር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚፈልገው በእንዲህ ዓይነት ሞተር እጁ የቆሸሸ ሰው ነው።

ዘይቱንስ? ዘይቱን ራሱ ይቀይር። ዲለሩ ቢቀይረው ኖሮ ያ ፊልትሮ ማንም ሳያየው ተጥሎ ነበር፤ እነሱ ስለቀየሩት ፌስታል ውስጥ ቆየልን። ቺንጊያውም ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ክዳን ሲነሣ ይደረስበታል፤ ከወጣቱ ጋር ይሥራው። ፍሬኑን ግን ብቻውን እንዳይነካ። ያ የሰው ሕይወት ነው፣ የራሱም የሌላውም። የፍሬን ዘይቱንም አያቆይ፤ ፖርሸ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚለው ዘይቱ ከአየር ላይ ውኃ ስለሚጠጣና ሲግል ቶሎ ስለሚፈላ ነው።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው። ልጁ መኪናውን ሲገዛ አላስፈተሸውም። 61 ሺህ ማይል ብቻ የሄደ ነው ሲሉት ደስ ብሎት ወሰደው። ጋሼ ግን ያንኑ ትንሽ ማይል አይተው «ቆሞ የከረመ ነው» ነው ያሉት። ጥቂት መቶ ዶላር ለዚያ ሰውዬ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ የኩሽኔታዋን ነገር ከሻጩ ጋር ዋጋ ሲነጋገር ያነሣው ነበር። መኪናው ረከሰ እንጂ ዕቃውና ሥራው አልረከሰም። አሁንም የሚከፍለው የ50 ሺህ ዶላር መኪና ባለቤት ሆኖ ነው።

ሰኞ ጠዋት ደውሎ ይቅርታ ጠይቆ ቀጠሮ ያዘ። ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ፣ 3,100 ዶላር። የፍሬን ዲስኮቹን ደግሞ ሰውዬው ለክቶ ካየ በኋላ ይነጋገራሉ። ጋሼ አሮጌዋን ኩሽኔታ ሳይጥል እንዲያመጣላቸው አደራ ብለውታል። ማሸጊያዋን ከፍተው ውስጧን ማየት ይፈልጋሉ።