ፕሌትሌት ባዶ ከረጢት አይደለም

ወንድሜ፣ «ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው ባዶ ከረጢት ነው፤ ፕሮቲን አይሠራም» ያልከው መታረም አለበት። ፕሌትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትንሹ የደም ሴል፣ ኒውክሊየስ (ዲኤንኤ የሚቀመጥበት የሴል ክፍል) እንደሌለው እውነት ነው። ግን መቅኔ ውስጥ ካለው ትልቁ እናት ሴል፣ ከሜጋካርዮሳይት፣ ተቆርሶ ሲወጣ ስንቁን ይዞ ነው፤ መልእክተኛ አርኤንኤ (የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የያዘው መልእክት)፣ ራይቦዞም (መመሪያውን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው)፣ ማይክሮአርኤንኤም ጭምር። ማይክሮአርኤንኤ 22 ገደማ ፊደል ያላት ቁራጭ ናት። መልእክቱ ላይ ትለጠፍና ፕሮቲኑ እንዳይሠራ ታፍነዋለች።

በጣም የሚገርመኝ ሚር-223 የተባለው ማይክሮአርኤንኤ ነው። ፕሌትሌት ውስጥ ሞልቷል። በ2009 የወጣ ጥናት ፒ2ዋይ12 የተባለውን ተቀባይ የሚያሠራውን መልእክት ሊቆጣጠር እንደሚችል አሳይቷል። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣትህ ቢቆረጥ፣ ፕሌትሌቶች ተጠራርተው ቁስሉ ላይ እንዲጣበቁ የሚያደርጋቸው አንዱ ይኸው ተቀባይ ነው። ብዙ የልብ ሕመምተኞች የሚውጡት የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት፣ ክሎፒዶግሬልም፣ የሚዘጋው እሱን ነው።