ድርቆሹን በኅዳር ማጨድ ግልገሉን በጥር ማስራብ ነው

በኅዳር በአዳማ ዙሪያ ከእርሻ ዳር የሚታየው ጉልበት የሚደርስ ቢጫ ሣር ጥጋብ ይመስላል። ለግልገል ግን ረሃብ ነው። ነሐሴ ላይ ለጋ ሳለ ከደረቅ ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ የነበረው ፕሮቲን፣ ሣሩ ዘሩን ካረገፈ በኋላ ወደ 5 እና 4 በመቶ ይወርዳል። ከ7 በመቶ በታች ሲሆን በበጉ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ። ሣሩ ሳይብላላ ሆድ ውስጥ ይከርማል፤ በጉም ሌላ ለመብላት ቦታ ያጣል። ጥር ላይ ሆዱ ተነፍቶ አከርካሪው የሚቆጠር ጠቦት የሚበዛው ስለዚህ ነው። ባለቤቱ “ትል ነው” ብሎ መድኃኒት ይገዛል። ትል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመኖው ነው።

ሣር ለድርቆሽ የሚታጨደው ግማሽ ያህሉ ሲያብብ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ማለት ነው። ገበሬው የሚያዘገየው ዝናብ እንዳያበሰብስበት ፈርቶ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ የጤፍ አጨዳ ጉልበቱን ይወስድበታል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ቢሆንም ሁለት ሦስት የፀሐይ ቀን አይቶ ማጨድ፣ ቀን ማገላበጥና ማታ መከመር ከኪሳራው ይሻላል። መድረሱን ለማወቅ አንድ እፍኝ እንደ ገመድ ማጠማዘዝ ነው፦ እጅ ላይ እርጥበት ከተሰማ ይሻግታል፣ ቅጠሉ ዱቄት ከሆነ አልፎበታል። አገዳው ቀጭ እያለ ቅጠሉ ሳይረግፍ ከቀረና አረንጓዴነቱ ካልጠፋ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር ይከመር።

ዋናው ጥያቄ ግን ድርቆሹ ለማን ይቀመጥ የሚለው ነው። ታኅሣሥ ላይ ለመንጋው ሁሉ ከተበተነ ግንቦት ላይ አንዲት እስር አይተርፍም። በግ የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አምስት ወር። የካቲት 1 የተጠቃች፣ ማለትም አውራ በግ የተገናኛት እናት ሐምሌ 1 አካባቢ ትወልዳለች። የፅንሱ ክብደት አብዛኛው የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ 50 ቀናት፣ ከግንቦት 11 ገደማ ጀምሮ፣ መስኩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ያኔ በቀን ግማሽ ኪሎ ጥሩ ድርቆሽ ብትጨመርላት ለአንዲት እናት 25 ኪሎ ይበቃል። ይህን ያላገኘች እናት የምትወልደው ቀጫጫ ግልገል ነው፤ እንገሯም ያንሳል።

አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ሲውል ግልገል በየወሩ ይወለዳል፤ ኅዳር ላይ የተወለደውም ጡት የሚተወው የካቲት ላይ፣ ጭድ ብቻ ባለበት ነው። አውራውን ለይቶ የካቲት ላይ መልቀቅ ግን የሐምሌውን ግልገል ከሣሩ ጋር ያገናኛል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት በወተት ያድጋል፤ ሣር በደንብ መጋጥ ሲጀምር ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ይሆናል። ችግሩ እናቶቹ የካቲት ላይ ከስተው መገኘታቸው ነው። ከማጥቃቱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ለእያንዳንዷ በቀን 200 ግራም ገደማ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የኑግ ቅሪት) ድብልቅ መስጠት ያስፈልጋል፤ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ ፋጉሎ። አዳማ ዱቄት ፋብሪካ የሞላባት ከተማ ናት፤ ፉርሽካ አይጠፋም።

ክረምቱም የራሱ አደጋ አለው። የሐምሌ ሣር አብዛኛው ውሃ ነው፤ ባዶ ሆድ የገባበት በግ ያስቀምጠዋል። ጠዋት ከመሰማራታቸው በፊት ጥቂት ድርቆሽ ማቅመስ፣ ጤዛው እስኪነሳም መቆየት ይረዳል። እርጥብ ሣር የትል እጭም ይይዛል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጦ ማየት ነው፤ ቀይ መሆን ሲገባው ከነጣ ወይም ከመንጋጋ ሥር ካበጠ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ እንጂ በግምት መድኃኒት ማጠጣት አይገባም።

ኅዳር ላይ ለተወለዱት ደግሞ የሚቀረው በዚሁ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ መደጎም ነው። በ50 ግራም ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 200 ግራም ከፍ ይበል፤ በአንዴ ብዙ የተሰጠ ግልገል ሆዱ ይነፋል። ገንዳው በአጥር ተከልሎ ግልገል ብቻ የሚሾልክበት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለት፤ አለበለዚያ እናቶቹ ቀድመው ይጨርሱታል።