ያለ ጉዳይ በእግር

ካናዳ፣ ቫንኩቨር የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። ከተማዋ በዓለም ለኑሮ ምቹ ከሚባሉት ተርታ ስሟ አይጠፋም፤ የአክስቴ ልጅ ግን ቤቷ አትገኝም። የምቹውን ቦታ ኪራይ ለመክፈል ሁለት ሥራ ትሠራለች። በነጋታው ቁልፏን እጄ ላይ አስቀምጣ «ዝም ብለህ በእግርህ ዞር ዞር በል፤ ባሕሩ ዳር ያምራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ መድፍ ይተኮሳል፤ እንዳያመልጥህ!» አለችኝና እየሮጠች ወጣች። ምቾቱን እንግዲህ እኔ ልኑርላት።

የከበደኝ «ዝም ብለህ» የሚለው ነው። እኛ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ለቅሶ አለበት፣ ወይ ታክሲ አጥቷል፣ ወይ የታክሲ ሒሳብ የለውም። «ወዴት ነው?» ተብሎ «ዝም ብዬ» ያለ ሰው አንድ ነገር ደብቋል፤ እስኪመሽ ሰፈሩ ራሱ መልሱን ፈልጎ ያገኝለታል።

ገና አስፋልቱ ጫፍ ስደርስ አንድ መኪና ቆመልኝ። እኔም ቆምኩለት። ሾፌሩ በእጁ «እለፍ» አለኝ፤ ደረቴን ይዤ ጎንበስ አልኩና «ኧረ አንተ ቅደም» አልኩት። እለፍ፣ የለም ቅደም፣ ስንባባል ከኋላው አራት መኪና ተሰለፈ። አንዱም ጥሩምባ አልነፋም፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «በሞቴ» ሊለኝ ትንሽ ሲቀረው ተሻገርኩ።

ኢንግሊሽ ቤይ የሚባለው ዳርቻ ላይ ቻይናዊው ሠዓሊ ዩዌ ሚንጁን የሠራቸው 14 የነሐስ ሰዎች ቆመዋል። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን እስከ ድዳቸው አሳይተው ይስቃሉ። አገር ቤት አሥራ አራት ሰው ቆሞ ከሳቀ የሚሳቅበት አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም። ዞር አልኩና የሱሪዬን ዚፕ አየሁ።

እናቴ የደወለችው ይሄኔ ነው። እዚህ ረፋድ፣ አዲስ አበባ ማታ ሁለት ሰዓት።

«የት ነህ ልጄ?»

«በእግሬ እየሄድኩ ነው እማዬ።»

«ምነው? ገንዘብ አልቆብህ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው።»

ለአፍታ ጸጥ አለች። «እሷ አስቀይማሃለች ማለት ነው።»

ስታንሊ ፓርክን የሚዞረው የባሕር ዳር መንገድ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ወገን ጥድና ዝግባ፣ በሌላው ባሕር። ብስክሌተኛው በራሱ መስመር፣ እግረኛው በራሱ። አጠገቤ የሚያልፍ ሯጭ ሁሉ «እንደምን አደርክ» ይለኛል። እኔም ወግ ነውና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ፣ ልጆች ደህና…» እያልኩ ቀና ስል ሰውዬው ሃምሳ ሜትር ርቋል። ሰላምታዬ ሁሉ ያለቀው ባሕሩ ላይ ነው።

ደከመኝና አግዳሚ ወንበር ፈለግሁ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፋለች፤ ባሕሩን ይወዱ ለነበሩ ሴትዮ መታሰቢያ ትላለች። ቀጣዩም ወንበር መታሰቢያ ነው፤ ከእሱ የሚቀጥለውም። ሟች ላይ ዘፍ አይባል ነገር! «ነፍስ ይማር» ብዬ ጫፉ ላይ ቁጢጥ አልኩ።

ባሕሩ ውስጥ ብቻውን ከቆመው ዐለት አካባቢ ደግሞ የጄምስ ከኒንግሃም መታሰቢያ አለ፤ ይህ የባሕር ዳር መንገድ የቆመበትን ግንብ ድንጋይ ለብዙ ዓመታት ያስደረደረ ግንበኛ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1917 ተጀምሮ ዙሪያው የገጠመው በ1971 ነው። ይህን ሳውቅ የሰፈራችንን ኮብልስቶን ይቅር አልኩት። ከኒንግሃም ጡረታ ከወጣ በኋላም ግንቡ እንዴት እንደሆነ ለማየት ይመጣ ነበር አሉ። አባቴም እንደዚሁ ናቸው፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ሄደው የሚቆጣጠሩት የጎረቤትን ግንባታ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መድፉ ጋ ደረስኩ። እንግሊዝ አገር በ1816 የተሠራ መድፍ ነው፤ አሁን ግን በፍርግርግ ታጥሮ ተቀምጧል። ማጠሩስ አይፈረድባቸውም፤ በ1969 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰርቀውት፣ የማስለቀቂያው ገንዘብ ለሕፃናት ሆስፒታል ካልተሰጠ አንመልስም ብለው ነበር። ሌባ እንኳ ለኑሮ ምቹ የሆነበት ከተማ።

ጆሮዬን ይዤ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ተኩል። እርግብ ብቻ። ዝይ ብቻ። አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን በልጅ ጋሪ እየገፉ ሲያልፉ ጆሮዬን መያዜን አይተው «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ውሻውም አየኝ። «ማታ እኮ ነው» አሉኝ በጣም አዝነው።

ለካ የአክስቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ውጭ ስትኖር በፈረንጅ ቆጥራ በአማርኛ መናገር ለምዳለች! እኔም «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ሳልል ወጣሁ፤ ስንት ሰው ሠርግ ያመለጠው በዚህች ጥያቄ እንደሆነ እያወቅሁ።

ማታ እግሬን ጨው ባለበት ሙቅ ውሃ ነክሬ ተቀምጫለሁ፤ የአክስቴ ልጅ አሁንም ሥራ ላይ ናት። እናቴ ደወለች፤ እነሱ ዘንድ ነግቶ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሃሎ ከማለቴ ድው! አለ፤ መስኮቱ ነዘረ፤ ሳፋው ተደፋ።

«ምንድን ነው የፈነዳው?» ጮኸች እናቴ።

«ሰዓት ነው እማዬ። ሦስት… ማለቴ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነው።»

ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

«አሁንም በእግርህ ነህ?»