ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጨዋ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። የቀኑን ግማሽ ልጆቻችንን ለአስተማሪ ሰጥተን የምንጠይቀው ስለ ማርክ ብቻ ነው። የልጁ ውስጥ ሲታመም ግን «እንዴት ሳታዩ ቀራችሁ?» ብለን ትምህርት ቤቱ ላይ እንጮሃለን። እንዲያዩ ማን አሠለጠናቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። 42 ተማሪ ባለበት ክፍል በአማካይ 6 ልጅ ማለት ነው።

እናንተ መምህራንም ስሙ። የሚረብሸውን ከክፍል ታስወጣላችሁ፤ ዝም ያለውን «ጨዋ ልጅ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ድባቴ (ዲፕሬሽን የሚሉት) ልጅ ላይ ሁልጊዜ በእንባ አይመጣም። አንዱ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል። ሌላው ሆዴን ይላል፣ ሲመረመር ምንም የለም። አንዷ ደግሞ ገጽ ሙሉ ትጽፍ የነበረችው፣ ዛሬ ደብተሯ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፋ ትቀመጣለች። «ሰነፈች» ከማለት በፊት ለብቻዋ ጠርቶ «ሰሞኑን ጠፋሽብኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በጓደኞቿ ፊት ግን አደራ!

ራሷን ስለ መጉዳት አስባ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅም ያስፈራችኋል። ብጠይቃት ሐሳቡን አስገባባታለሁ ትላላችሁ። አይደለም፤ ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም፣ እንዲያውም ትንፋሽ ይሰጣታል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ መናገራችሁ አይቀርም።

አስተማሪ ሐኪም ይሁን አላልኩም። አስቀድሞ ማየት፣ መስማት፣ ከዚያ ለሚያክም ሰው ማድረስ ይበቃዋል። ይህ ደግሞ ይለመዳል። የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2000 አውስትራሊያ ውስጥ ሲጀመር የታሰበው ለማንኛውም ሰው ነበር። ስለዚህ የትምህርት ኃላፊዎች «ባለሙያ የለንም» የምትሉትን ተዉን። አስተማሪውም ሰው ነው፤ በሥራ ብዛት የዛለ ሰው የሌላውን ጭንቀት ከየት ያያል?

እኛ ወላጆችስ? አስተማሪዋ ደውላ «ልጅዎ ተክዞብኛል» ስትል «ልጄን እብድ አልሽብኝ» ብለን የምንነሳው እኛው ነን። በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብትል ይፈረድባታል?

እንግዲህ በሚመጣው የወላጆች ስብሰባ፣ ስለ ደረጃ ከመጠየቃችን በፊት እጃችንን አውጥተን ይህን እንጠይቅ፦ ልጄ ተጨንቆ ብታዩት ወደ ማን ትልኩታላችሁ? የሰው ስም እስኪነግሩን ድረስም አንቀመጥ።