ሱባኤ የገባው ዌብሳይት

ዌብሳይት በማስመረቅ የሚስተካከለን የለም። ባነር ይሰቀላል፣ ክቡራን እንግዶች ይጠራሉ፣ ሪባን ይቆረጣል (ዌብሳይት ላይ ሪባን የት እንደሚታሰር የሚያውቁት አዘጋጆቹ ብቻ ናቸው)። ኬኩ አልቆ እንግዳው ሲበተን ዌብሳይቱ ሱባኤ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። ከንቱ ውዳሴን ንቀው ከጉግል ዓይን ለተሰወሩት መሥሪያ ቤቶቻችን እጅ እነሳለሁ።

ሌላው ዓለም እኮ ለመታየት የማይሆነው የለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይትማፕ የሚባል ነገር አመጣ፤ በዓመቱ ያሁና ማይክሮሶፍት፣ ተቀናቃኝ መሆናቸውን ረስተው፣ በዚያው አሠራር ተስማሙ። ነገሩ አንድ ፋይል ነው። “እነዚህ እነዚህ ገጾች አሉኝ፤ ይህኛውን ያደስኩት በዚህ ቀን ነው” ይላል። የፍለጋ ቦት (ለጉግልና ለመሰሎቹ ገጽ እየዞረ የሚለቅመው ፕሮግራም) ወትሮ ገጽ የሚያገኘው ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሻገረ ስለሆነ፣ ማንም ሊንክ ያላደረገለትን ገጽ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ ሳይትማፑ ያንን ይጠቁመዋል። አንዱ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል። ጉራ አይሉት ምን! የኛዎቹ ያሏቸውን ጥቂት ገጾች እንኳ ለማንም ትንፍሽ አይሉም። ዝም አይነቅዝም።

እርግጥ ሳይትማፕ ስላለ ብቻ ጉግል ገጹን መዝግቦ ያወጣዋል ማለት አይደለም። ትንሽ ዌብሳይት ደግሞ ገጾቹ በሊንክ በደንብ ከተያያዙ ያለ ሳይትማፕም ሊገኝ ይችላል። ይህ አደጋ አስቀድሞ የታያቸው ባለሙያዎቻችን ታዲያ ሌላ መላ አበጅተዋል። ብዙ ዌብሳይት የሚሠራበት ዎርድፕረስ የሚባለው ሶፍትዌር ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳይትማፑን ራሱ ይሠራል፤ ማንንም አያስቸግርም። ግን ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሪዲንግ የሚለው ጋ፣ ከታች አንዲት ሳጥን አለች፤ “የፍለጋ ሞተሮች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ” የምትል። ዴቨሎፐሩ ሥራው እስኪያልቅ ብሎ ምልክት ያደርግባታል። ሥራው ያልቃል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ዴቨሎፐሩ ስልኩን ይቀይራል። ሳጥኗ ምልክቷን እንደያዘች፣ ሳይትማፑም አብሮ እንደጠፋ ይኖራል። ይበልጥ የበቁት ደግሞ ቦት የት እንዳይገባ በሚነግረው ሮቦትስ የሚባል ፋይል ላይ “ዲስአሎው” (አትግባ) ብለው አንዲት እዝባር ይጨምራሉ። በአንዲት እዝባር ቦቱ ከነጓዙ ከደጅ ይመለሳል።

ምናልባት አንዱ ገጽ አምልጦ ቢወጣስ? ለእሱም ተዘጋጅተናል። የጨረታ ማስታወቂያው ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ ጠመም ብሎ ስካን ይደረግና፣ ጽሑፍ የነበረው ሥዕል ሆኖ፣ “ስካን 0001” ተብሎ ይጫናል። ማኅተሙ ያረፈው የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ምቀኞች ናቸው።

ሳይትማፕ ያላቸው የሉም አልልም። አንዱን ከፍቼ አየሁት። ከዝርዝሩ አናት “ሄሎ ወርልድ” አለ፤ ዎርድፕረስ ለናሙና የሚያስቀምጠው ጽሑፍ። የአገልግሎት መስፈርቶቹ ገጽ የለም። የቀረው ሁሉ ቅድሚያው 1.0 ነው (ከዚያ በላይ የለም)፣ ሁሉም “ዛሬ ታደሰ” ይላል፤ የቀድሞው ኃላፊ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ሳይቀር። ጉግል የቅድሚያውን መስመር ጨርሶ አያየውም፤ የእድሳቱን ቀን ግን እውነተኛ ሆኖ ካገኘው ይጠቀምበታል። እኛ ደግሞ በገጽና በገጽ መካከል አድልዎ አናውቅም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሆኖ ባለጉዳዩ መረጃ አያጣም። ጠዋት በሩ ላይ ጥበቃውን ይጠይቃል። ጥበቃው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀና ሳይሉ ይመልሳሉ፦ “የመታወቂያ ኮፒ፣ ደብዳቤ፣ ሦስት ጉርድ ፎቶ። ሁለት የነበረው ድሮ ነው ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ተቀይሯል።”