ማስተካከያ፦ ስለ ጎዶሎ ቁጥር የጻፍኩት ስህተት ነበር

ባለፈው ጽሑፌ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም) ሥሪት መካከለኛ ቁጥሩ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ነጥብ ቀጥሎ ያለው፣ ጎዶሎ ከሆነ በሙከራ ላይ ያለ፣ ተጋማሽ ከሆነ የተረጋጋ ነው ብዬ በደፈናው ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ደንቡ በሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) የሠራው እስከ 2.5 ድረስ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. 2.6 ከወጣ በኋላ ቀረ፤ ዛሬ 6.1ም 6.6ም የተረጋጉ ናቸው። ያላለቀው ሥሪት የሚታወቀው ከቁጥሩ ቀጥሎ በሚለጠፈው «አርሲ» (rc፣ ለመውጣት የታጨ ሥሪት ማለት) ነው። የዴቢያን (በሊኑክስ ከርነል ላይ የተሠራ ስርዓተ ክወና) «ሲድ» ደግሞ ቁጥር እንኳ የለውም፤ ሁልጊዜም ያልተረጋጋው ክፍል መጠሪያ ነው።

በሥዕል ማረሚያው ፕሮግራም በጊምፕ ግን ደንቡ ብዙ ሰው ያድን ነበር። 2.99 ከ2.10 ስለሚበልጥ የተሻለ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን 99 ጎዶሎ እንደመሆኑ ወደ 3.0 የሚያመራ የሙከራ ሥሪት ነበር። (2.10 «ሁለት ነጥብ አሥር» ነው እንጂ «ሁለት ነጥብ አንድ» አይደለም፤ ይህን እኔም ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።)

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ «የሙከራው ሥሪት ካልተስማማችሁ አጥፍታችሁ የድሮውን መልሱ» ማለቴ ነው። ፕሮግራሙ ይመለሳል፤ ፋይሉ ላይመለስ ይችላል። በሙከራው ጊምፕ የተቀመጠ ሥዕል በተረጋጋው አልከፈት ሊል ይችላል። የድር አሳሹ ፋየርፎክስም ከ67ኛው ሥሪት ወዲህ በአዲሱ የተከፈተን ፕሮፋይል (ዕልባቶቻችሁና ቅንብሮቻችሁ የሚቀመጡበትን አቃፊ) በአሮጌው ለመክፈት ሲሞከር ያስቆማል፤ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠሩ ይላል።

ስለዚህ ምክሩ እንዲህ ይነበብልኝ፦ የሙከራ ሥሪት መሞከር የምትፈልጉ በተለየ ፕሮፋይልና በፋይሎቻችሁ ቅጂ ላይ ሞክሩ፤ ዋናውን አትንኩት።