«ዞምቢ» ከአልበሙ ጋር ይሰማ

እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው የራግቢ ዓለም ዋንጫ አየርላንድ ደቡብ አፍሪካን 13 ለ 8 ባሸነፈችበት ምሽት፣ የፓሪሱን ስታዲየም የሞሉት አይሪሾች የአገራቸውን የሮክ ባንድ የዘ ክራንቤሪስን «ዞምቢ» በአንድ ድምፅ ዘመሩት። ወዲያውም ክርክር ተነሣ። ዘፈኑ በሰሜን አየርላንድ ግጭት የአንዱን ወገን፣ የአይሪሽ ታጣቂዎችን፣ ግድያ ብቻ ያወግዛል፣ የእንግሊዝ ጦር እዚያ የፈጸመውን አያነሣም፣ ስለዚህ የአገር መዝሙር ሊሆን አይገባም የሚሉ ሰዎች ቅሬታቸውን አሰሙ፤ ሌሎች ደግሞ የሰላም ዘፈን ነው ብለው ተከላከሉለት። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ከአልበሙ ተነጥሎ ስለወጣ አንድ አዝማች ነው። «ዞምቢ» ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው «ኖ ኒድ ቱ አርጊው» በተሰኘው አልበም ውስጥ፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ዘፈኖች ጋር ሲደመጥ ነው።

አልበሙ በኦክቶበር 1994 የወጣ የባንዱ ሁለተኛ የስቱዲዮ ሥራ ሲሆን፣ ፕሮዲውሰሩም የመጀመሪያውን አልበም የሠራው ስቲቨን ስትሪት ነው። ድምፃዊቷ ዶሎረስ ኦሪዮርዳን ከሊመሪክ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር መንደር፣ በቤተ ክርስቲያን እየዘመረችና ኦርጋን እየተጫወተች ያደገች፣ በጊዜው ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። «ዞምቢ»ን የጻፈችው በማርች 1993 በእንግሊዟ ዋሪንግተን ከተማ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ነው። ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማላቀቅ ይዋጋ የነበረው ታጣቂ ቡድን፣ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር፣ በገበያ መንገድ ዳር በሚገኙ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ያጠመዳቸው ሁለት ቦምቦች የፈነዱት በእናቶች ቀን ዋዜማ፣ ሰው ለእናቱ ስጦታ ሊገዛ በወጣበት ሰዓት ነበር። የ3 ዓመት ሕፃን እዚያው ሞተ፤ የ12 ዓመት ልጅም ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ።

አልበሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያዳምጥ ሰው ግን ቁጣን ቀድሞ አያገኝም። መክፈቻው «ኦድ ቱ ማይ ፋሚሊ» ዝና ድንገት የደረሰባት ልጅ አባትና እናቷን፣ ያሳደጓትንም ቤት በናፍቆት የምታስታውስበት ለስላሳ ዜማ ነው። «ዞምቢ» በአራተኛ ተራ ይመጣል። ስለዚህ ልጇን ስላጣች እናት የተሰበረ ልብ ስትዘፍን የምትሰማው ድምፅ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ የራሷን እናት ስታነሣ የሰማነው ያው ድምፅ ነው። በሰባተኛው ዘፈን «ዚ አይሲክል ሜልትስ» ላይ ደግሞ የአንድ ሕፃን ሞት በጋዜጣ ተነግሮ ዳግም ይመጣል፤ በዚህኛው ውስጥ ጦር የለም፣ ፖለቲካም የለም። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር የሚጨነቀው ለልጆችና ለወላጆች ነው ብዬ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የድምፅዋ ኃይልም የሚገባኝ ከዚሁ ጋር ነው። ኖኤል ሆጋን ጊታሩን እያሻከረ፣ ፈርጋል ሎለር ድራሙን እያከበደ አራት ኮርዶችን ያለ ማሰለስ ሲደጋግሙ፣ እሷ ከደረቷ የወጣውን ድምፅ ጉሮሮዋ ላይ ሰብራ ወደ ላይ ትወረውረዋለች። የእኛ ሙሾ አውራጅ የሟቹን ስም ጠርታ ድምፅዋ የሚቆረጥበትን ቅጽበት ያስታውሰኛል፤ አይሪሾችም ቢሆኑ በለቅሶ ቤት ሴቶች የሚያወርዱት የቆየ ሙሾ ነበራቸው። ብዙ የሮክ ድምፃውያን ኃይልን በጩኸት ብቻ ይፈልጉታል። እሷ ግን በሌሎቹ ዘፈኖች እስከ ሹክሹክታ ዝቅ ማለት ስለምታውቅ፣ ስትጮኽ ጩኸቱ ዋጋ አለው።

የተቃዋሚዎቹን ነጥብ አልንቅም። በ1972 በሰሜን አየርላንዷ ዴሪ ከተማ የእንግሊዝ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች የገደሉበትን ቀን የሚያስታውስ ቤተሰብ፣ ጥፋቱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚያዞር መዝሙር ሲሰማ ቢቆጣ ይገባዋል። የግድያውን መነሻ አይሪሾች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ እስከተነሡበት የ1916ቱ ዐመፅ የሚመልሰው ስንኝም ለእኔ የግጥሙ ደካማ ቦታ ነው፤ የነፃነት ትግልን መነሻና የዋሪንግተንን ቦምብ በአንድ ትንፋሽ ማገናኘት ሰፊ ክርክር የሚጠይቅ ነገር ነው። ሆኖም ኦሪዮርዳን የታሪክ ፍርድ ልትሰጥ አልተነሣችም። ግድያው በእሷና በቤተሰቧ ስም እንዳይፈጸም ነው የጠየቀችው፤ ይህን ለማለት ደግሞ ማንኛዋም አይሪሽ ሴት ሙሉ መብት ነበራት።

አልበሙ እንከን የለሽ አይደለም። «ዬትስ ግሬቭ» ታላቁን የአየርላንድ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስን ከማወደስ ብዙ አይርቅም፤ በመካከል ላይም አንድ ሁለት ዘፈኖች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ዳፎዲል ላሜንት» ግን በዝግታ ጀምሮ መሐል ላይ መልኩን ይለውጣል፤ ከተስፋ መቁረጥ ወደ ውሳኔ፣ ከውሳኔ ወደ እፎይታ ይሻገራል። ኦሪዮርዳን በጃንዋሪ 2018፣ በ46 ዓመቷ ለንደን ውስጥ ስታርፍ ዜናው ሁሉ ያነሣው «ዞምቢ»ን ነበር። የዜማ ደራሲነቷን ስፋት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ግን በነጠላ ዘፈንነት እንኳ ያልወጣው «ዳፎዲል ላሜንት» ነው።